መንዙማው የማን ነው? የቅጅ መብት ሕግና የዕውቀት ክፍትነት ከወሎ ሲታይ

ለወሎ የመንዙማን ግጥም ካወረሱ ሊቃውንት መካከል ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። በአማርኛ ቋንቋ፣ በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በአጀሚ ጽሕፈት የተላለፉት ግጥሞቻቸው ዛሬም በየሐድራው፣ ማለትም በየዱዓና መንዙማ ጉባኤው፣ ይባላሉ፤ በካሴት ተቀርጸዋል፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋሉ። አንድ የደሴ ወጣት ከእነዚህ ግጥሞች አንዱን በግእዝ ፊደል ገልብጦ፣ አንድ የታወቀ መንዙማ ባይ ከቀረጸው ድምፅ ጋር አጣምሮ፣ ማንም በነፃ እንዲያነብበውና እንዲያዳምጠው በኢንተርኔት ላይ ለማስቀመጥ ቢነሣ ፈቃድ የሚጠይቀው ማንን ነው? ብዙ ሰው «ያባቶቻችን ነው፣ ማንንም አይጠይቅም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሁሉም ባለቤት አለው፣ ባይነካው ይሻላል» ይላል። ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ ለተከተለ ሰው ሁለቱም መልሶች ከፊል እውነት እንጂ ሙሉ እውነት አይደሉም።

በአገራችን ጉዳዩን የሚገዛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ ይህም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ከዚያ በፊት ደራሲና አርቲስት ይተማመኑባቸው የነበሩት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የተካተቱ ጥቂት አንቀጾች ነበሩ። አዋጁ ለሥራ አመንጪ ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ሥራውን ማባዛት፣ መተርጐም፣ ማሻሻል፣ ማሠራጨት፣ ለሕዝብ ማቅረብ የባለመብቱ ወይም እርሱ የፈቀደለት ሰው ድርሻ ይሆናል። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፤ የሥራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅና ክብሩን በሚነካ መንገድ ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም መብት አለው። ጥበቃውን ለማግኘት መመዝገብ፣ ማኅተም ማስመታት ወይም ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። ሥራው ወጥ፣ ማለትም የአመንጪው የራሱ ፈጠራ፣ ከሆነና በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ካገኘ ሕጉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይጠብቀዋል፤ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚል ሚዛንም የለበትም።

ጥበቃው የማይደርስባቸውን ነገሮች ማወቅም እኩል ይጠቅማል። ሐሳብ፣ የአሠራር ዘዴ፣ ሥርዓት፣ ቀመርና ጽንሰ ሐሳብ በቅጅ መብት አይታጠሩም። አንባሰልና ባቲ ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጋር አራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ናቸው፤ በእነዚህ ቅኝቶች መዝፈን ማንም ሰው ማንንም የማያስፈቅድበት ነገር ነው። በአንባሰል ቅኝት የተደረሰው የአንድ ሰው ዜማና ግጥም ግን የዚያ ሰው ነው። እንደዚሁ አዋጆች፣ ደንቦችና ሌሎች የሕግና የአስተዳደር ይፋ ጽሑፎች፣ ከይፋ ትርጉሞቻቸው ጋር፣ ከጥበቃው ውጭ ናቸው። ስለዚህ ነጋሪት ጋዜጣን አባዝቶ ማደልም ሆነ በነፃ በኢንተርኔት ማስቀመጥ ወንጀል አይደለም። ይህን የማያውቁ ሰዎች የሕግ ጽሑፍ ለማካፈል ሲፈሩ ማየት ያሳዝናል፤ ሕዝብ የሚዳኝበትን ጽሑፍ ለሕዝብ ከማድረስ የበለጠ ንጹሕ ሥራ የለምና።

የጥበቃው ዕድሜ የተወሰነ ነው። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጸናል፤ በዚህ ጊዜ መብቱ ለወራሾቹ ይተላለፋል። ሁለት ሰዎች በጋራ የደረሱት ከሆነ 50 ዓመቱ የሚቆጠረው በኋላ ከሞተው ደራሲ ነው። ለከዋኞች፣ ማለትም ሥራውን ለሚያዜሙ ወይም ለሚጫወቱ ሰዎች፣ እና ለድምፅ ቅጂ አዘጋጆች የተሰጠው ጊዜም 50 ዓመት ሲሆን፣ የብሮድካስት ድርጅቶች መብት 20 ዓመት፣ የፎቶግራፍ ደግሞ 25 ዓመት ነው። ጊዜው ሲያልቅ ሥራው የሕዝብ ይሆናል፤ ማንም ያትመዋል፣ ይተረጕመዋል፣ ያስተምርበታል።

አሁን ወደ መንዙማው ልመለስ። ሼህ ጦልሃ ካረፉ ከ50 ዓመት እጅግ የበለጠ ጊዜ አልፏል፤ ስለዚህ ግጥማቸው የሕዝብ ሀብት ነው። በግጥሙ ላይ ግን ሌሎች መብቶች ሊደራረቡ ይችላሉ። ከዛሬ 20 ዓመት በፊት ያንን መንዙማ ያዜመው ሰው በክዋኔው ላይ የራሱ መብት አለው። ድምፁን ገንዘብ አውጥቶ የቀረጸው አዘጋጅ በቅጂው ላይ ሌላ መብት አለው። ግጥሙን ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመ ምሁር ትርጉሙ የራሱ ነው፤ የጻፈው ማብራሪያና መቅድምም እንዲሁ። ከአጀሚ ወደ ግእዝ ፊደል መገልበጥ ብቻውን ግን፣ አድካሚ ቢሆንም፣ ድካም በራሱ ወጥነት ስለማይሆን፣ አዲስ የደራሲነት መብት ያስገኛል ብዬ አላምንም። እንግዲህ የደሴው ወጣት ግጥሙን ራሱ ገልብጦ ቢያቀርብ፣ እርሱ ወይም ወዳጁ በራሱ ድምፅ ቢለውና ቢቀርጸው፣ ማንንም የማስፈቀድ ግዴታ የለበትም። የካሴቱን ድምፅ እንዳለ ወስዶ ቢያስቀምጥ ግን የባለድምፁንና የአዘጋጁን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው ከሁለቱም ስሕተት ይድናል፤ የሌላውን ድካም ሳይነጥቅ የአባቶቹን ቅርስ ያካፍላል።

አንድ ከባድ ክፍተት ግን እዚህ ላይ ይታያል። ሕጉ የሚጠብቀው ግዙፍነት ያገኘን ሥራ ነው። በወሎ የሚነገረው ቅኔ፣ መንዙማ፣ የለቅሶ እንጉርጉሮ፣ የምርቃት ግጥም አብዛኛው በአፍ የሚኖር ነው። አንዲት እናት በድቤ የምትለውን ግጥም ከራሷ አፍልቃ ቢሆንና ማንም ሳይጽፈው ቢቀር በሕጉ ዓይን የሚጠበቅ ሥራ የለም። ቀራጭ መጥቶ ድምፅዋን ሲይዝ ክዋኔዋ ከቅጂው ጋር ይጠበቃል፤ ነገር ግን ያ ቅጂ በማን እጅ እንዳለ፣ የት እንደተሸጠ እርሷ የምታውቅበት መንገድ ጠባብ ነው። ማሻሻያ ሲታሰብ ቀዳሚ ሊሆን የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ የቃል ጥበብን ከሚቀርጽ ተቋም ወይም ግለሰብ ጋር የሚደረግ ስምምነት በጽሑፍ እንዲሆን፣ የባለጥበቡ ስም እንዲጠቀስና አንድ ቅጂ በአካባቢው ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ማስገደድ ለሕግ አውጪ አስቸጋሪ አይደለም። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰብ ዕውቀቱን ሌላው ሳይጠቀምበት በፊት ፈቃዱ የመጠየቅና ከጥቅሙ የመካፈል መብት እንዳለው ተቀብሏል፤ መንፈሱን ወደ ቃል ጥበብ ማምጣት ይቻላል።

ወደ ተማሪው እንምጣ። በደሴና በኮምቦልቻ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አካባቢ ባሉ የፎቶኮፒ ቤቶች ሙሉ መጽሐፍ ማስገልበጥ የተለመደ ነው። አዋጁ አንድ ሰው ለራሱ መጠቀሚያ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ይህ ፈቃድ ሙሉ መጽሐፍን ወይም የመጽሐፍን አብዛኛውን ክፍል በፎቶኮፒ ማባዛትን አያካትትም። መምህር ምንጩን ጠቅሶ፣ ለትምህርቱ ዓላማ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ፣ ከታተመ ሥራ ቀንጭቦ ለተማሪዎቹ ማባዛት ይችላል። ከሌላ ሰው ሥራ መጥቀስም በቅን ልቡና፣ በተመጣጠነ መጠንና ከምንጩ ጋር ይፈቀዳል። ስለዚህ አንድ ምዕራፍ ማስገልበጥና መጽሐፉን በሙሉ ማስገልበጥ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

የተማሪው ችግር ግን በዚህ አይፈታም። የሚፈለገው መጽሐፍ በአገር ውስጥ ገበያ ከሌለ፣ ዋጋውም በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ከሆነ፣ «አንድ ምዕራፍ ብቻ» የሚለው መልስ ትምህርቱን ያቋርጠዋል። በሌላ በኩል አዋጁ ሲወጣ መብቱን ሆን ብሎ ለጣሰ ሰው የደነገገው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነበር። የሌላውን መዝሙር በሺህ አባዝቶ የሚሸጥ ነጋዴንና በገበያ የሌለን መጽሐፍ ለፈተና ያስገለበጠ ተማሪን በአንድ አንቀጽ ሥር የሚያስቀምጥ ሕግ ዳኛውም ፖሊሱም ሊሠሩበት ይቸገራሉ፤ በተግባር ደግሞ ሁሉም እንዳላየ ያልፈዋል፣ ሕጉም ክብሩን ያጣል። በእኔ እምነት በገበያ የማይገኝ መጽሐፍን ለትምህርት ማባዛት በግልጽ ሊፈቀድ፣ ለንግድ የሚያባዛውም በግልጽ ሊለይ ይገባዋል።

ስለ ቤተ መጻሕፍት የተደነገገው ክፍል ለወሎ የተለየ ትርጉም አለው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በወሎ ዩኒቨርሲቲና በደሴ ሙዚየም ላይ ዘረፋና ውድመት ደርሷል፤ በሰሜን ወሎ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከዚህ አላመለጠም። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ጽሑፍ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል ይህ አካባቢ በሚገባ ያውቃል። አዋጁ ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብት ወይም ሙዚየም የጠፋ፣ የተበላሸ ወይም ሊበላሽ ያለ ሥራን ለመጠበቅና ለመተካት ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል። መልካም ድንጋጌ ነው። ቃሉ የተቀረጸው ግን በፎቶኮፒ ዘመን አስተሳሰብ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ጽሑፉን ስካን አድርጎ በሌላ ከተማ ባለ ሰርቨር ቢያስቀምጥ፣ ከዚያም በሐይቅ ወይም በመርሳ ለተቀመጠ አንባቢ በኢንተርኔት ቢያቀርብ ስለሚሆነው ነገር በስም አንሥቶ የሚፈቅድ አንቀጽ የለውም። ከጦርነት፣ ከእሳትና ከጎርፍ የሚያድነው ደግሞ በተለያየ ቦታ የተቀመጠ ዲጂታል ቅጂ ነው። የማሻሻያ ሥራ ሲጀመር ይህ ቀዳዳ አስቀድሞ ካልተደፈነ ለማዳን የተጋ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሕግ ጣሽ ይሆናል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ባለቤታቸው የማይታወቅ ሥራዎች ጉዳይ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተቀረጹ ካሴቶች፣ በስቴንስል የተባዙ መጽሔቶች፣ ፎቶ ቤታቸው የተዘጋ ፎቶግራፎች በየቤቱ አሉ። አሳታሚው የለም፣ ደራሲው መሞት አለመሞቱ አይታወቅም፣ ወራሾቹም አይገኙም። የብዙዎቹ መብት ግን ገና በሕግ አልሞተም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች በትጋት ፈልገው ባለቤቱን ካጡ ሥራውን ለሕዝብ እንዲያቀርቡ፣ ባለቤቱ በኋላ ከመጣ ተገቢውን ካሳ እንዲያገኝ ደንግጓል። ለእኛም የሚሆን መንገድ ነው፤ ፍለጋው በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በአካባቢው ሽማግሌዎች በኩል ቢደረግ ከአውሮፓውም ይልቅ የተሻለ ሊሠራ ይችላል።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኙት ብራናዎች ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ። ገዳሙ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የታወቀ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ነበር፤ የእርሳቸው ወንጌልም እስከዛሬ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በመላ አገሪቱ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎችን ሲያነሣ የሐይቅ ብራናዎችም ነበሩበት። የፊልሞቹ ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ዛሬ ብዙዎቹን የተመዘገበ አንባቢ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ያያቸዋል። ይህ ታላቅ ውለታ ነው። ብራናው ራሱ ከየትኛውም የቅጅ መብት ዘመን ያለፈ ነው፤ ጥያቄው ፎቶውን ያነሣ ሰው ወይም ተቋም በፎቶው በኩል በብራናው ላይ አዲስ አጥር ማበጀት ይችላል ወይ የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2019 መመሪያ በአንቀጽ 14 የጥበቃ ዘመኑ ያለፈን የሥዕልና መሰል የዕይታ ጥበብ ሥራ እንዳለ መገልበጥ፣ ግልባጩ ራሱ ወጥ ፈጠራ ካልሆነ በቀር፣ አዲስ መብት እንደማያስገኝ ወስኗል። ኢትዮጵያ ብራናዎችን ጭምር ያካተተ እንዲህ ያለ አንቀጽ ብትጽፍ ቅርሷ በግልባጭ ስም ተመልሶ እንዳይታጠርባት ይረዳታል።

ሆኖም የቅጅ መብት አለመኖር ማለት ባለአደራውን አለመጠየቅ ማለት አይደለም። ገዳሙ፣ መስጊዱ፣ የሼሁ ቤተሰብ ብራናውንና ኪታቡን ለዘመናት ጠብቀው አቆይተዋል፤ ከመቅደስ የማይወጣ፣ ለሁሉ የማይነበብ የሚሉት ነገርም አለ። ለእነርሱ ሳያሳውቁ ገልብጦ መበተን በሕግ ባያስጠይቅ እንኳ ነውር ነው። ዕውቀትን ክፍት የማድረግ ጥረት በባለአደራው ይሁንታ ሲሄድ ብቻ ነው የሚጸናው።

የአርቲስቶችን ስጋት በቀላሉ የሚያልፍ ሰውም ፍትሐዊ አይደለም። የወሎ ድምፃውያን ካሴታቸው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ተገልብጦ ሲሸጥ ዓመታት አልፈዋል። የ2007ቱ ማሻሻያ አዋጅ የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን ሥርዓት ያጠናከረው፣ ሙዚቃን ለንግድ ከሚጠቀሙ ተቋማት ሮያሊቲ፣ ማለትም የመጠቀሚያ ክፍያ፣ ተሰብስቦ ለባለመብቶች እንዲከፋፈል መንገድ ያመቻቸው ለዚህ ነው። ሆቴሉና ጣቢያው ይክፈሉ። ቤተ መጻሕፍቱን፣ ትምህርት ቤቱንና ተመራማሪውን ከእነርሱ ጋር መደመር ግን አርቲስቱን አይጠቅመውም፤ ከእነዚህ የሚገኝ ገቢ ኢምንት ነው፣ የሚዘጋው የዕውቀት በር ግን ሰፊ ነው።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ባለመብቱ ራሱ በሩን ሊከፍት የሚችልበት መሣሪያ አለ፤ እርሱም ክፍት ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ክሪኤቲቭ ኮመንስ ያዘጋጃቸው ፈቃዶች በይበልጥ የታወቁ ናቸው። ደራሲው መብቱን አይጥልም፤ ባለቤትነቱ እንደተጠበቀ ሆኖ «ሥራዬን በዚህ ሁኔታ ተጠቀሙበት» ብሎ ለሁሉም ሰው አስቀድሞ ይፈቅዳል። ስሜ ይጠቀስ ማለት በሁሉም ፈቃዶች ውስጥ ያለ ግዴታ ነው። ከዚያ በላይ ደራሲው «ከእርሱ ተነሥታችሁ የምትሠሩትን እናንተም በዚሁ ፈቃድ አካፍሉ»፣ «ለንግድ አታውሉት» ወይም «አትቀይሩት» የሚሉትን መጨመር ይችላል። ብዙዎች ከጥንቃቄ የተነሣ «ለንግድ አታውሉት» የሚለውን ይመርጣሉ። እኔ ግን ለጥናት ጽሑፍና ለማስተማሪያ አልመክረውም፤ በደሴ ያለ ትንሽ ማተሚያ ቤት ጽሑፉን አትሞ በትንሽ ትርፍ እንዳይሸጥ ያግደዋል፣ የአማርኛ ዊኪፒዲያም ሊቀበለው አይችልም። «አትቀይሩት» የሚለው ደግሞ ትርጉምን ስለሚከለክል በብዙ ቋንቋ ለሚናገር አገር እጅግ የማይመች ነው።

በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ክፍት ይሁን የሚለው ሐሳብ በአገራችን ከምኞት አልፏል። የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው ብሔራዊ ፖሊሲ መሠረት በሥሩ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ጽሑፎች፣ የመመረቂያ ጥናቶችና መረጃዎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑና በማከማቻ ቋት እንዲቀመጡ ተወስኗል። የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚህ ውስጥ ናቸው። ስለ ቦርከና ወንዝ ብክለት፣ ስለ ጃማ ማሽላ ወይም ስለ አርጎባ ቋንቋ የተሠራ የማስተርስ ጥናት በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ የሚጎዳው መጀመሪያ ጥናቱ የተደረገበት ገበሬና የከተማ ነዋሪ ነው። የመማሪያ መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው። ሕጉ በሥራ ውል ለተዘጋጀ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱን ለአሠሪው ስለሚሰጥ፣ በመንግሥት ሠራተኞች የተዘጋጀን የመማሪያ መጽሐፍ በክፍት ፈቃድ ለማውጣት አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የባለሥልጣኑ አንድ ውሳኔ ይበቃል።

ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች የተደረገው የማራካሽ ስምምነት ሊጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውን ይህን ስምምነት ኢትዮጵያ በ2020 ተቀላቅላለች። በዚህ መሠረት ዕውቅና ያገኙ ተቋማት የባለመብቱን ፈቃድ ሳይጠይቁ መጽሐፍን በብሬል፣ በድምፅ ወይም በሌላ ተስማሚ መልክ ማዘጋጀትና ከሌላ አባል አገር ጋር መለዋወጥ ይችላሉ። አባል አገሮች በራሳቸው ሕግ ላይ ገደብና ልዩ ሁኔታ ለመጻፍ ምን ያህል ነፃነት እንዳላቸው የሚያሳይ ምሳሌም ነው።

በመጨረሻ የጥበቃውን ዘመን የማራዘም ጉዳይ ይቀራል። አሜሪካና አውሮፓ ከደራሲው ሞት በኋላ 70 ዓመት ይጠብቃሉ። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን እ.ኤ.አ. በ2003 ያመለከተች ስለሆነ፣ ከአባልነቱ ጋር የሚመጣው የአእምሮአዊ ንብረት ስምምነት ምን ይጠይቃል የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ስምምነቱ በመሠረቱ የሚጠይቀው 50 ዓመትን እንጂ 70ን አይደለም፤ ያ ደግሞ አስቀድሞ በሕጋችን አለ። በሁለትዮሽ የንግድ ድርድር ወይም በሞዴል ሕግ ስም 20 ዓመት ለመጨመር የሚቀርብ ሐሳብ ቢመጣ ጥቅሙ የሚሄደው በአብዛኛው የውጭ ሥራዎችን ለያዙ ድርጅቶች ሲሆን፣ በአገር ውስጥ የሚቀረው ለሌላ 20 ዓመት ሊታተሙ የማይችሉ፣ ባለቤታቸውም ያልታወቀ መጻሕፍት ክምር ነው። የሚደራደሩ ባለሥልጣኖቻችን በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ዓመት እንኳ እንዳይጨምሩ፣ ከላይ የተነሡትን የቤተ መጻሕፍት፣ የትምህርትና የቃል ጥበብ አንቀጾች ግን አስቀድመው በራሳችን አዋጅ ውስጥ እንዲያስገቡ ከአሁኑ ሊጠየቁ ይገባል።